ለናቲ ዝምታ ስም ፍለጋ ወደ መቐለ

ከመቐለ ከተመለስኩ ወዲህ የሱቅ ጎረቤቶቼ "እንዴት ነው አገሩ?" እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ የላቸውም፤ ወሬው ግን አይቅርብን ባዮች ናቸው። ለአንዱ ስለ አየሩ፣ ለሌላው ስለ ሥጋው ነግሬ አልፋለሁ። የሄድኩበት ጉዳይ ግን ቆመው የሚያወሩት ዓይነት ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ከመነሻው ጀምሬ ጻፍኩት።

እኔ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት "ኦሪጅናል ነው" ብለው የሚምሉ ሰዎችን ፊት በማንበብ ነው። ካርቶኑ አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ውስጡ ግን ተጠግኖ የተቀባ ዕቃ ስንቴ አይቻለሁ። አምኖ መቀበል የሚባል ነገር አይሆንልኝም። ባለቤቴ ለተብርሃን፣ እኔ ለተ የምላት፣ "አንተ እኮ የተቀቀለ እንቁላልም ትጠረጥራለህ" ትለኛለች።

ልጃችን ናትናኤል፣ እኛ ናቲ የምንለው፣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አይናገርም ማለት ይቻላል። "ባ" ይላል፣ "ማ" ይላል፤ ሌላውን እጃችንን እየጎተተ ያሳየናል። ስሙን ሲጠሩት አንዳንዴ ዞር ይላል፣ ብዙውን ጊዜ አይልም። የጠርሙስ ክዳን ሲደረድር ቢውል አይሰለቸውም። አዲስ አበባ የመጀመሪያው ሐኪም "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቁት" አለን። ሁለተኛው "ስልክ አብዝታችሁበት ነው" አለ፤ በቤታችን ስልክ የሚያበዛው ግን እኔ ነኝ። ሦስተኛው፣ ስሙ የገነነው፣ ከኋላው አንዴ አጨበጨበ፣ ልጁ ዞረ፣ "ይሰማል" አለ። ከዚያ ናቲ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል "ኦቲዝም ነው" ብሎ ጻፈ። እኔ አንድ ፍሬን ሸራ ለመለየት እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እወስዳለሁ።

በወረቀቱ መሠረት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት አንድ ማዕከል ቦታ ሰጠን፤ በሳምንት ውስጥ እሺ ወይም እምቢ በሉ ተባልን። ለተ ግን "እሱ ከሆነ እናስገባዋለን። ካልሆነ የልጄን ዓመታት በማይመለከተው ነገር አላስፈጅም" አለች። መቐለ ያለው የአክስቷ ልጅ ስለ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ነግሯት ነበር። ልጅን አይታ ሳትጠግብ ለችግሩ ስም አትሰጥም ነው የሚሏት። ለተ ሁለተኛዋን ወልዳ አራስ ናት፤ ስለዚህ ናቲን ይዞ መሄድ ለእኔ ወደቀ።

እውነቱን ለመናገር ሐኪሟን አላመንኩም። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ፣ የለተ ዘመዶች ልጁን አንድም ቀን አላዩትም። ሐኪሟ ሰበብ ናት፣ የፈለጉት ልጁን ማየት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

ማክሰኞ

አዲስ አበባን በዝናብ ትተናት ተነሳን። በአውሮፕላኑ ውስጥ ናቲ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ፊቱ ፈካ ይል ነበር። መውረድ ስንጀምር ከፊታችን ያለች ሕፃን ጆሮዋን ይዛ አገር ይያዝልኝ አለች። ናቲ ዞር ብሎም አላያት። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት "ጨዋ ልጅ ነው" አሉኝ። አመሰገንኳቸውና በልቤ "ምን ፈልገው ይሆን?" አልኩ።

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ዐይኔን የመታኝ ብርሃኑ ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ከጣሪያ ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ግን ደረቅና ሰፊ ነው፤ ንፋሱም አፈር አፈር ይሸታል። በሩ ላይ የናቲን ጫማ ላስር ጎንበስ ስል አንድ ረጅም ሰውዬ ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ መንገድ ጀመረ።

"አንተ! ሌባ! ያዙልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሰውዬው ግን ሳይቸኩል ሄዶ አንዲት አሮጌ ቪትዝ ውስጥ ሻንጣውን አስቀመጠና ተመልሶ ትከሻዬን በትከሻው ደጋግሞ እየገጨ ሰላም አለኝ። "ጎይቶም ነኝ፣ ወዲ ዝማም" አለ፤ የለተ አክስት ልጅ ማለት ነው።

"ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ?"

"ደክሞህ ነዋ ሓወይ። ሻንጣ ተሸክሞ ሰላምታ አለ እንዴ?"

እኛ ሰፈር ሻንጣህን የሚያነሳ ሰው ወይ አስቀድሞ ይጠይቃል ወይ ይሮጣል፤ ሦስተኛ ዓይነት አላውቅም ነበር። ጎይቶም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ለእኛ ብሎ ፈቃድ ወስዷል። በመንገድ ላይ ብዙ አያወራም። እኔ ዝምታውን ተጠራጥሬ የመኪናውን የፊት መብራት ሳይ ሄድኩ፤ አንዱ ኦሪጅናል አልነበረም።

ቤቱ ከሮማናት ብዙም አይርቅም፤ የድንጋይ ቤት ነው። እኛ በብሎኬትና በቆርቆሮ የምንጨርሰውን እነሱ በጠረባ ድንጋይ ይገነቡታል፤ ውስጡ በቀትርም ይቀዘቅዛል። የጎይቶም እናት አደይ ዝማም በሩ ላይ ጠበቁን። የለተ እናት ስትሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። "እንቋዕ ብደሓን መጻእኹም" ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና አገላብጠው አዩኝ። ቀጥለው ናቲን ሊስሙት ሲጎነበሱ ጩኸቱን ለቀቀው። እኔ ደንግጬ "እንግዳ ሰው አይወድም" አልኳቸው።

"እኔ እንግዳ አይደለሁም" አሉ ሳይከፋቸው፤ "ገና አላወቀኝም እንጂ።"

ምሳ ጥሕሎ ቀረበ። የገብስ ሊጥ ድቡልቡል ነው፤ መሐሉ ላይ የሚያቃጥል የሥጋ ወጥ አለ። በባለ ሁለት ጣት እንጨት እየወጉ ወጡ ውስጥ ነክረው ነው የሚበሉት። ይህን ማን ነግሮኝ? እንጨቷን የጥርስ መፋቂያ መስላኝ ኪሴ ከተትኳትና በእጄ ጠቅልዬ ነከርኩ። ጣቴ ተቃጠለ። አደይ ዝማም ይህን ሲያዩ እንጨታቸውን አስቀመጡ፤ ጎይቶምም አስቀመጠ፤ ሁሉም በእጃቸው አብረውኝ በሉ። እየተቃጠሉ "ጽቡቕ"፣ ጥሩ ነው፣ ይሉ ነበር። የአበላሉን ወግ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

መኝታ ክፍላቸውን ለቀውልን እነሱ ሳሎን ፍራሽ ሊያነጥፉ እንደሆነ ሳይ ጥርጣሬዬ ተነሳ። እኛ ጋ እንግዳ ይከበራል፤ የሰው አልጋ ግን አይነጠቅም። ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? ጎይቶምን ደጅ አውጥቼ "እውነቱን ንገረኝ፤ ልጁን ጸበል ልትወስዱት ነው የጠራችሁን?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "ብትፈልግ እንወስደዋለን" አለ። "ሐኪም የምትፈልግ መስሎን ነው።"

ረቡዕ

ጠዋት በባጃጅ ወደ ሕክምናው ሄድን። ዶክተር ሰናይት ያሰብኳት ዓይነት ሐኪም አይደለችም። ሸራ ጫማ አድርጋለች፣ ነጭ ጋዋን አልለበሰችም፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። አገሯ አርባ ምንጭ ነው። በትምህርት መጥታ በዚያው እንደቀረች ስትነግረኝ "ሌላ ቦታ የሚቀበላት አጥታ ይሆን?" ብዬ ጠረጠርኩ። የአዲስ አበባውን ወረቀት ስሰጣት ሳታነብ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አያነቡትም እንዴ?"

"በኋላ። አሁን ካነበብኩት እሱን ነው የማየው።"

ከዚያ እኔን ረስታ ከናቲ ጋር ኩብ መደርደር ያዘች። ናቲ ግንቡን ከፍ አድርጎ ሲጨርስ ቀና ብሎ ዐይኗን አየ፣ ሳቀ፣ ሲናድም እኔ አይቼለት እንደሆነ ዞሮ ተመለከተኝ። ይህን ሁሌም ያደርገዋል፤ እሷ ግን አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ስታወራው አፍ አፏን ያያል። ስትጠራው ዝም አለ፤ በመዳፏ ወለሉን መታ ስታደርግ ዞረ።

"ሲጠሩት የሚዞረው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ሲፈልግ።"

"እዚህ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ እንደዚያ ይላል" አለች፤ "መስማቱን እንደገና ማየት እፈልጋለሁ። መሣሪያው ዓርብ ነው የሚለቀቅልን።"

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ። ፍሬን እይልኝ ብለህ መኪናህን ያስገባህበት መካኒክ በማግስቱ ደውሎ "ወንድሜ፣ ሌላም ነገር አገኘሁበት" ይልሃል። "መስማቱ ታይቷል፣ ተጽፏል፣ ቤታችን በር ቢገጭ ይነቃል፣ መኪና ሲያጉረመርም ወደ መስኮት ይሮጣል" አልኳት። "የመጣሁት ኦቲዝም ነው አይደለም የሚለውን ለማወቅ ነው። ሌላ ምርመራ አልፈልግም።"

አልተቆጣችም። "እሱን ለማወቅ እኮ ነው" አለች። ፊቴን አይታ ግን አልገፋችም። "እሺ። ነገ ቤት መጥቼ ምሳውን ሲበላ ልየው። እንደ ሁልጊዜው ይሁን፤ ምንም አትቀይሩ።"

ስንመለስ ሮማናት አካባቢ አንድ ካፌ ገባን። ለናቲ የአቮካዶ ጁስ ሳዝዝ አማርኛዬ እንደ መኪና ታርጋ ግንባሬ ላይ የተለጠፈ መሰለኝ። አስተናጋጁ "ከየት ነህ?" አለኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ለክፉም ለደጉም ተዘጋጅቼ "ከአዲስ አበባ" አልኩ። ሄደና ጁሱን ይዞ ተመለሰ፤ ለናቲ አፍ እንዲመች ስትሮዋን በመቀስ አሳጥሯታል። "ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ነው፣ ረጅሟን ይደፋታል" አለና ወደ ሌላ ጠረጴዛ አለፈ። ደረቴን ነፍቼ የጠበቅኩት ጠብ ሳይመጣ ቀረ።

ማታ ጎይቶም የሐኪሟን መልእክት ለእናቱ በትግርኛ ነገራቸው። ረጅም ንግግር ነበር፤ አደይ ዝማም ዘንድ የደረሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዶክተሯ ነገ ምሳ ልትመጣ ነው።

ሐሙስ

የነቃሁት በበግ ድምፅ ነው። ግቢ ውስጥ ድንኳን ሊተክሉ ምንም አልቀራቸው። ጎረቤቶች ወንበር ይዘው ይገባሉ፣ ለዚህ ቀን ሲጠመቅ የሰነበተ ይመስል ስዋ፣ የእነሱ ጠላ፣ ከየቤቱ በጀሪካን ይመጣል። ጎይቶምን "ምንም አትቀይሩ ብላ የለም?" ስለው "ነግሬያቸዋለሁ" አለ፤ "እሳቸው ግን ሐኪም እቤቴ መጥታ ሽሮ አላበላትም አሉ።" ደግሞም በዚያው የልጁን በዓል ሊያደርጉለት ነው። ክርስትናውም፣ ልደቱም እነሱ ሳያዩት አልፏልና።

እኔ እንደ ልማዴ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ሐኪሟ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክራ ያዘጋጀችው መሰለኝ፤ ግብዣ በልታ "ልጁ ደህና ነው" ብላ ልትሸኘን።

ዶክተር ሰናይት በሩ ላይ የጫማውን ክምር ስታይ ቆመች። "እኔ እኮ ልጁን ብቻ ነበር..."

"ልጁማ ይኸውልሽ! ግቢ ጓለይ፣ ግቢ በጃኺ!" ብለው አደይ ዝማም ክንዷን ይዘው ከሁሉ ከፍ ያለው ወንበር ላይ፣ ከናቲ ራቅ አድርገው አስቀመጧት። ወለል ላይ ልትወርድ ሞከረች፤ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው መለሷት። እንደገና ወረደች፣ እንደገና አነሷት። ናቲ በበኩሉ ጥልፍ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ተቀብቶ፣ በየተራ ጉርሻ እየተሰጠው ነው። አንድም ነገር እንዲጠይቅ ጊዜ የሚሰጠው የለም። ሐኪሟ ሳህኗ ላይ ሥጋ እየተከመረባት በሩቁ ትመለከታለች፤ ሳላስበው አሳዘነችኝ።

ከምሳ በኋላ ትልቁ ሕምባሻ መጣ። የእነሱ ወግ እንዲህ ነው፦ በልጁ በዓል ሕምባሻውን የሚቆርሱት ልጁ ጀርባ ላይ ነው። አደይ ዝማም ተቀመጡ፤ ናቲን ጉልበታቸው ላይ በደረቱ አስደፉት። ፊቱ ወደ ምንጣፉ ነው፣ ጣቱ የምንጣፉን ክር ይመዛል። ሴቶቹ ከኋላው ተሰበሰቡ። ሕምባሻው ጀርባው ላይ ተቆርሶ ለሁለት ሲከፈል ሁሉም በአንድ ጊዜ እልል አሉ።

የእኛም ሴቶች እልል ይላሉ፤ ይህ ግን የድንጋይ ቤት ነው፣ ድምፁ መውጫ የለውም። ጆሮዬን ያዝኩ። የአንዲት ጎረቤት ጀርባ ላይ ተኝቶ የነበረ ጨቅላ ባንኖ እሪ አለ። ደጅ ውሻ ጮኸ። ናቲ ክሩን ይመዛል።

"ጅግና! አይደነግጥም!" አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔም በኩራት ሳቅኩ።

ከዚያ አንዷ ከበሮ መታች። ናቲ ከጉልበታቸው ላይ ተወንጭፎ ተነሳና ሮጦ ጉንጩን ከበሮው ላይ ለጠፈ።

ሐኪሟ ሳህኗን ይዛ ቆማ ነበር። "ይቅርታ" አለች፤ "እልልታውን አንዴ ትደግሙልኛላችሁ? ልጁ ሳያያችሁ፣ ከኋላው።"

እልል በሉ ሲባል ደስ የማይለው የለምና ደገሙላት። ናቲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ከበሮውን ይዳብሳል፤ ዐይኑ እንኳ አልተርገበገበም። "እንደገና" አለች። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ የሴቶቹ ድምፅ እየሳሳ መጣ፤ እየገባቸው ነበር። መጨረሻ ላይ እልል የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ቀረች፤ እሷም አቋረጠችው። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጨቅላው ለቅሶ ብቻ ሆነ።

አደይ ዝማም ወደ እኔ ዞረው "ወደይ፣ ልጁ አልሰማንም እንዴ?" አሉኝ።

እኔ ግን ክርክሬን አልተውኩም። "ከበሮውን እኮ ሰምቷል! ሁላችሁም አይታችኋል!" አልኩ።

"ሰምቶትም ይሆናል፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እግሩ ነግሮትም ይሆናል" አለች ሐኪሟ። "እኔ በግብዣ አልፈርድም። ለዚህ ነው መሣሪያው።"

"ነገ እንመጣለን" አልኳት።

ዓርብ

ግድግዳዋ በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባን። የመስማት ምርመራ ባለሙያዋ ናቲ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ጨዋታውን አሳየችው፦ ኩቧን ጉንጭህ ላይ ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ድምፅ ስትሰማ ሳጥኑ ውስጥ ትጥላታለህ። ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ገባው። ወፍራም ድምፅ ስትልክለት ኩቧን ጣለ። ደገመች፣ ጣለ። ኩራቴ መለስ አለ። ድምፁን እያቀጠነች ስትሄድ ግን ናቲ ኩቧን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ቀረ።

"ማሽኑ ቆሟል" አልኩ።

"አልቆመም።"

"እኔ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ። ሳልሞክር አላምንም።"

ይህን ስል ዶክተር ሰናይት ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ራሷ ማዳመጫውን ከልጁ ጆሮ አውጥታ እኔ ጆሮ ላይ አደረገችው። ወፍራሙ ድምፅ እንደ ሩቅ ጄኔሬተር ነው። ከዚያ ቀጠነ። የጀበና ፉጨት መሰለ፣ ቀጥሎ የወፍ፣ ቀጥሎ የትንኝ። ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለሙያዋ ድምፁን በላከች ቁጥር መሣሪያው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች።

ማዳመጫውን ወደ ናቲ መለሱት። አሁን መብራቷን ብቻ ነው የማየው። በራች፤ አሁን ወፉ እየጮኸ ነው። ናቲ ኩቧን ጉንጩ ላይ ይዟል። እንደገና በራች። ናቲ እኔን እያየ፣ ጨዋታው መቼ ይቀጥላል በሚል ፊት፣ በትዕግሥት ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ደጋግማ በራች። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዶክተር ሰናይት ምንም አልደበቀችኝም። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ አይደርሰውም። ሰው ሲያወራ ተቆራርጦ ነው የሚመጣለት፤ ስለዚህ የሚሰማ ይመስላል፣ አያዳምጥም ይባላል። በአዲስ አበባው ሐኪም ጭብጨባ ውስጥ ወፍራም ድምፅም አለ፣ ንፋስም አለ፣ የእጅ ጥላም አለ።

"ስለዚህ ኦቲዝም አይደለም?" አልኳት።

"ነው አልልም። አይደለም ብዬም አልምልም። መጀመሪያ ይስማ። ከወራት በኋላ እየሰማ እንደገና ይታይ፤ ያኔ ስለ ናቲ እንናገራለን። ዛሬ የማውቀው ጆሮውን ነው።"

ስንቱ ምሎልኛል። ይህች ሐኪም አልማለችም፤ አመንኳት።

ለሙከራ የሚያገለግል የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ ሲደረግለት የጠበቅኩት ሳቅ ነበር። ናቲ ግን በድንጋጤ ጮኸ፤ የገዛ ጩኸቱ አስፈራውና ባሰበት፤ ነቅሎ ወረወረው። ሐኪሟና እኔ በጉልበታችን ተንበርክከን አግዳሚው ሥር ፈለግነው። "ቀስ ብሎ ይለምደዋል። ነገ እስክትሄዱ እናንተ ጋ ይቆይ፤ ጎይቶም ይመልስልኛል። የራሱን አዲስ አበባ ያሠሩለታል" አለች።

ደጅ ወጥቼ ለለተ ደወልኩ። እሷም ከእኔ ተምራ "እርግጠኛ ነህ? ማሽኑ ይሠራል?" አለችኝ። በራሴ ጆሮ ሞክሬዋለሁ አልኳት።

"ያንተን ድምፅ ይሰማል?"

"ወፍራም ስለሆነ፣ ትንሽ ይሰማል።"

"የኔንስ?"

መዋሸት ፈልጌ ነበር። "ብዙም አይደርሰውም" አልኩ።

"በየማታው እኮ እዘፍንለታለሁ" አለች። ከዚያ "ማዕከሉ ጋ ደውል" አለችኝ። ደወልኩ፤ ናቲ መጀመሪያ መስማት አለበትና ቦታውን ለሚገባው ልጅ እንዲሰጡት ነገርኳቸው።

ቅዳሜ

አውሮፕላናችን ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ናቲ መሣሪያውን በጆሮው ለመያዝ ፈቀደ፤ ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ግቢውን በጥርጣሬ ይዞረው ጀመር። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ቆሞ አፍጥጦ አየው። ጫማውን ጠጠር ላይ እየጎተተ ጎንበስ ብሎ ሶሉን መረመረ። የላስቲክ ከረጢት ስታጥፍ ከነበረች ጎረቤት እጅ ከረጢቱን ነጥቆ ውስጡ ምን እንዳለ ፈተሸ። ጎይቶም "ቁርጥ አባቱን" አለና ሳቀ።

አደይ ዝማም ስንቅ ሊያሰናዱልን ወጥ ቤት ገብተዋል። ስለ እሳቸው ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ታናሹ ልጃቸው ከጦርነቱ አልተመለሰም። ይህን የነገረችኝ ለተ ናት፤ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ስሙን አላነሱም፣ በሰው ፊትም አንዲት እንባ አላወጡም። እኔ ሳሎን ሆኜ ሻንጣ እየዘጋሁ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።

ናቲ ግቢው መሐል ቀጥ ሲል በበሩ አየሁት። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ቧንቧውን አየ፣ እሱ አይደለም። ጫማውን አየ፣ እሱም አይደለም። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ፤ ምን ሊነካ ነው ብዬ ተከተልኩት።

አደይ ዝማም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ቆመዋል። በጣም ቀጭን፣ በጥርስ መሐል የታፈነ ድምፅ ይወጣቸዋል። በሩ ላይ ስደርስ ነው ለእኔም የተሰማኝ። ናቲ ቀሚሳቸውን ጎተተ። ደንግጠው ቁጭ ሲሉለት የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ከፊታቸው ላይ ቀስ አድርጎ ገለጠው፤ ከዚያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሊያጣራ መዳፉን አፋቸው ላይ አደረገ።

"እንታይ ኾይኑ እዩ? ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ ከመዳፉ ሥር።

"ሰምቶዎት ነው የመጣው" አልኳቸው።

ልጁን አዩት። እንባቸው ሳይደርቅ ሳቅ ቀደማቸው።

"ወይ ጉድ!" አሉ፤ "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ተደብቆ ማልቀስ ቀረ በሉኛ።"